አባቴ ሳሎን የገባው ሰይፍ

ስለ ሰይፍ ምንም እንዳትጠይቁኝ። ከጠየቃችሁኝ እመልሳለሁ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። እኔ አጋሮ መድኃኒት መደብር ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። ማወቅ የሚገባኝ ስለ ጨጓራና ስለ ሳል ነበር። ግን የጃፓን ሰዎች በስዕል የፈጠሩት አንድ ፀጉረ ረጅም ሰይፈኛ ስንት ሰይፍ እንዳለው፣ የትኛውን መቼ እንደሚመዝ፣ የየትኛው ሰገባ ምን ቀለም እንደሆነ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልሳሳትም። ይህን ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የከተተው ነዚፍ ነው። አሁን የምነግራችሁ ጉድም የመጣው በእሱ ጦስ ነው።

ነዚፍ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ወንበር፣ በርጩማ፣ አልጋ፣ የቁርኣን ማስቀመጫ ይሠራል። አባቱም አያቱም በዚሁ ሥራ ነው የኖሩት። እኔ ጅማ ስማር የተከራየኋት ክፍል ከሥራ ቤቱ ጀርባ ነበረች። አንድ ቀን የአልጋዬ እግር ተሰብሮ ላሠራ ሄድኩ። እግሩን ወዲያው ሠራልኝ፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ስለ አንድ አኒሜ፣ ስለዚያ የጃፓን ካርቱን፣ ሲያወራኝ ዋለ። መሄድ አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር መሄድም አልፈለግሁም። ሁለት ዓመት እንዲሁ ሲያወራኝ ኖረና በመጨረሻ «አግቢኝ» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ።

ይህን ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም፣ ስለዚህ ታገሡኝ። ሰይፈኛው አራት ሰይፍ አለው። አንደኛዋ ነጭ ሰገባ ያላት፣ ከአስተማሪው የተቀበላት ናት፤ የምትመዘዘው ከእኩያው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ሁለተኛዋ አጭር ናት፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ ለመዋጋት። ሦስተኛዋ ወገቧ ላይ የተሸረፈች፣ የሞተ ጠላቱ የነበረች፤ የሟቹን ልጅ ፈልጎ እስኪመልስለት ድረስ ይዟት ይዞራል። አራተኛዋ ከሁሉም ትረዝማለች፤ ጥቁር ሰገባ፣ ቀይ ገመድ። እሷ አትመዘዝም። ለእናቱ ዳግም ላይመዛት ቃል ገብቷል፤ በጣም ሲጨንቀው ከነሰገባዋ ይማታባታል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት አራቱንም በእንጨት እንዲሠራለት ነዚፍን አዘዘው። ነዚፍ አራተኛዋን ከነሰገባዋ ከአንድ ዋንዛ ጠረባት። «እጀታውን ለይተህ ለምን አትሠራውም?» ስለው «የማትመዘዝ ሰይፍ ምን ልትሆን ትለያያለች?» አለኝ። «ማን ያውቅብሃል?» አልኩት። «እኔ አውቃለሁ» አለ። እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

አባቴን ደግሞ ላስተዋውቃችሁ። ሐጂ አባ ፊጣ ይባላል፤ ቡና ገዝቶ የሚሸጥ፣ ቃሉን የማያጥፍ፣ አንዴ «አይሆንም» ካለ ሰማይ ቢወርድ የማይመለስ ሰው ነው። የነዚፍ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። መጀመሪያ «እንመካከር» አላቸው። ሁለተኛ ሲመጡ ግን ነገሩን አወጣው። «እንጨት ሠሪ መሆኑን አልጠላሁም። ግን ይህን የሚያህል ሰው የልጅ መጫወቻ ሲጠርብ ይውላል አሉኝ። እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ «አጣርተን እንመጣለን» ብለው ወጡ። ማታ እራት ላይ አባቴ ወደ እኔ ሳያይ «ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። ያን ቀን እሺ ካላልኩ የዚያ ልጅ ስም በዚህ ቤት አይነሳም» አለ።

ከነዚፍ ጋር በስልክ ተማከርን። ሰይፍ የሚባል ቃል እንዳይነሳ ተስማማን። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን እንዳይመጡም አሰብን። የአባቴ ከዘራ ተሰንጥቆ ነበር፤ ነዚፍ ከወይራ አዲስ ሠራለት፣ እጀታው ላይ የቡና ፍሬ ቀርጾበት። ፎቶውን ልኮልኝ ሳየው እንባዬ መጣ። አባቴ ይህን ይዞ መስጊድ ሲሄድ ታየኝና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

እሑድ ዙሁር እንደተሰገደ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊታውራሪያቸው አባ ገሮ ናቸው፣ የነዚፍ አጎት፤ መስጊድ የፊተኛው ሰልፍ የማይለዩ፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ሲናገሩ ሰው የሚያዳምጣቸው አዛውንት። ብብታቸው ሥር በማዳበሪያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል። አባቴ «አረፍ በሉ» ሲላቸው እንደ ደንቡ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። የምትጠየቅ ልጅ በዚያ ቀን አትታይም፣ ስለዚህ እኔ ከሳሎኑ ወደ ኩሽና በሚወስደው መተላለፊያ ላይ መጋረጃ ሥር ተለጥፌ ነበር። ነዚፍም በደንቡ አይመጣም፤ ጅማ ቁጭ ብሎ ዱዓ ማድረግ ነው ሥራው።

በዚህ መሀል ስልኬ ነዘረ። ነዚፍ ነው።

«ሰሚ፣ ደረሱ?» አለኝ።

«ደርሰዋል። ቆመዋል። ምን ትደውላለህ? ዝጋው!» አልኩት በሹክሹክታ።

«አንድ ትንሽ ነገር ነበር…»

ነዚፍ ትንሽ የሚለው ነገር ትንሽ ሆኖ አያውቅም።

«ከዘራው እዚህ ነው» አለኝ።

«እዚህ የት?»

«ሥራ ቤት። እኔ ፀጉሬን ልስተካከል ሄጄ ነበር። አጎቴን በስልክ ‘ከበሩ ኋላ ያለውን ረጅሙን ጥቅል ውሰዱ’ አልኳቸው። እሳቸውም ረጅሙን ወሰዱ።»

«አንተ አትመጣ፣ ማን ሊያይልህ ነው ፀጉርህን የምትስተካከለው? ደግሞስ ረጅሙ ምንድነው?»

«እሷማ…» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነዚፍ!»

«አራተኛዋ ናት» አለ።

እሱ ግን ገና አልጨረሰም። «ሰሚ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ እንዳይመዟት ንገሪያቸው። አንድ እንጨት ናት፤ ከታገሏት ትሰበራለች። ደንበኛው ነገ ይመጣል» አለኝ። ወላሂ፣ ያኔ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ አራቱንም ሰይፍ ጀርባው ላይ እሰብርለት ነበር። ዘጋሁበትና ወደ ኩሽና ሮጥኩ።

«እማ! ቶሎ ግቢና ያንን ጥቅል ከአባ ገሮ ተቀበያቸው!»

«ምን ሆንሽ? ስጦታ ከሽማግሌ እጅ ይነጠቃል እንዴ?» አለችኝ እናቴ፣ ብርጭቆ እየደረደረች።

«ውስጡ ሰይፍ ነው!»

«አዑዙ ቢላህ! የምን ሰይፍ?»

«የእንጨት።»

«የእንጨት ከሆነ ምን ያስጮህሻል?» ብላ ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰች።

ከእናቴ ጋር ስከራከር ጊዜው አለፈ። ወደ መጋረጃው ስመለስ አባ ገሮ «ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ለሐጂ ክብር የምትሆን ነገር ይዘናል፤ ቢስሚላህ ብለው ይክፈቱ» እያሉ ነበር። አባቴ ገመዱን ፈታ። ማዳበሪያውን ገለጠ። ጥቁር ሰገባ፣ ቀይ ገመድ፣ ሁለት ክንድ ተኩል የሚሆን ሰይፍ ጭኑ ላይ ተጋደመ።

«ኩን ማሊ?» አለ አባቴ። ምንድነው ይህ ማለቱ ነው። ሲደነግጥም ሲቆጣም አማርኛው ይጠፋውና ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲገባ ኪሱ ውስጥ ሰንጢ እንኳ ቢኖር ደጅ ትቶ ነው። ሰይፍ አባት ጭን ላይ ማስቀመጥ ማለት ‘ብትሰጥ ስጥ፣ ካልሰጠህ ወዮልህ’ ከማለት በምንም አይለይም። አባ ገሮን አየኋቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ እሳቸውም ከዘራ ነበር የሚጠብቁት። ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት ያያሉ። እሳቸው «ተሳስተን ነው» ቢሉ ኖሮ እኮ ያልቅ ነበር! ሁለት ቃል! ግን ሽማግሌ ተሳሳትኩ ከሚል መሬት ብትውጠው ይመርጣል።

«የአያታችን ናት» አሉ አባ ገሮ።

እኔ መጋረጃውን ጨበጥኩት።

«በንጉሥ ዘመን የታጠቋት ናት። ከቤታችን ወጥታ አታውቅም። ልጃችንን ሐጂ ዘንድ ስንልክ፣ ያለንን ትልቁን ነገር እንላክ ተባባልን።»

አባቴ ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት። የድሮ ነገር ይወዳል፤ የተሰበረ ሰዓት እንኳ አይጥልም። እጀታዋን ያዘና ሳብ አደረጋት። አልወጣችም። ጠንከር አድርጎ ሳባት። እኔ በሆዴ ‘ያ ረቢ፣ እንዳትሰበር’ እላለሁ፤ ለነዚፍ ደንበኛ የምጸልይ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

«አይ፣ ሐጂ፣ አትመዘዝም!» አሉ አባ ገሮ ቶሎ ብለው። «አያታችን ከደም ባላንጣቸው ከታረቁ በኋላ ዳግም ላይመዟት ለእናታቸው ቃል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከሰገባዋ አልወጣችም።»

ይህ የካርቱኑ ታሪክ ነው! ለካ ነዚፍ ምሳ ላይ ለቤተሰቡ ሁሉ ሲተርክ አጎቱ የሚያንቀላፉ እየመሰሉ ይሰሙት ኖሯል። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

«ሱብሃነላህ» አለ አባቴ። ድምፁ ተለወጠ። «ልጅ ሊጠይቅ የዕርቅ ሰይፍ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ… ተቀመጡ። ኤዬ፣ እባካችሁ ተቀመጡ።»

ተቀመጡ! ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት እሺታው ደጅ ደረሰ ማለት ነው። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ጨመቀችው። አልዋሻችሁም፣ ለዚያች አፍታ ደስ ብሎኛል። ‘ይሁን፣ ይዋሹ፣ እኔ ላግባ እንጂ’ ብዬ ነበር። ግን አባቴ ስልኩን አወጣ።

«ተማም! ያለህበትን ትተህ ና። የንጉሥ ዘመን ሰይፍ ቤቴ ገብቷል። አዎ፣ ወላሂ! ናና በዓይንህ እይ።» ስልኩን ዘግቶ ለሽማግሌዎቹ «ጅማ ሙዚየም የማውቃቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱም አሳያለሁ» አላቸው። አባ ገሮ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሐጂ ተማም ጎረቤታችን ናቸው፤ እንደ አባቴ ቡና ነጋዴ። ደግ ሰው ናቸው፣ ምላሳቸው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ጎረቤታችን ቤንዚን ሳይሞላ መኪናው ተበላሸ ብሎ መካኒክ ጠርቶ ነበር፤ ሐጂ ተማም ዛሬም ሲያገኙት «ቤንዚን አለህ?» ይሉታል። እኚህ ሰው ገብተው ሰይፉን በጥፍራቸው ፋቅ ካደረጉት አበቃ፤ ከመግሪብ በፊት አጋሮ ሁሉ ይሰማዋል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ገበያ የወጣው በቃሉ ተከብሮ ነው። ከእንግዲህ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ‘የንጉሡ ሰይፍ እንዴት አደረ?’ ሊባል ነው።

ዝም ብል አገባለሁ፤ አባቴ መሳቂያ ይሆናል። ብናገር አባቴ ይድናል፤ የነዚፍ ስም ግን በዚህ ቤት ዳግም አይነሳም። በሁለቱ መሀል ያቆመኝ ደግሞ ጠላት አይደለም፤ ፀጉሩን የተስተካከለ እጮኛና መሳሳቱን መናገር ያፈረ አጎት ናቸው። ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ደረሰ። ሻሼን አስተካክዬ መጋረጃውን ገለጥኩት። እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ፤ አስለቀቅኳት።

«ሰሚራ?» አለ አባቴ። «ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«አባ፣ ይህ የማንም አያት ሰይፍ አይደለም። ነዚፍ ነው የሠራው። ዋንዛ ነው፤ ቀለሙ ገና ወር አልሞላውም። ሊሰጡህ ያሰቡት ከዘራ ነበር፣ ጥቅሉን ሲያነሱ ተሳስተው ነው። ሐጂ ተማም ሳይደርሱ ከፊትህ አንሣው።»

አባ ገሮ አንገታቸውን ደፉ። «አስታግፊሩላህ» አሉ። «ሐጂ፣ እውነቷን ነው። ደነገጥኩና ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ።»

አባቴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰይፉን አየ። «አትመዘዝም ያላችሁትስ?»

እዚህ ላይ እኔ ፈነዳሁ። «እሱ የካርቱን ነው! አንድ ሰይፈኛ አለ፣ አራት ሰይፍ አለው፣ ይቺ አራተኛዋ ናት፣ ለእናቱ ቃል ገብቶ አይመዛትም! ነዚፍም ስለማትመዘዝ ብሎ ከአንድ እንጨት ሠራት! ሁለት ዓመት ሙሉ ስለዚህ ስሰማ ነው የኖርኩት፣ ሰለቸኝ!»

«ሦስቱስ የት አሉ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። የምራቸውን ነው። ሌላኛው ደግሞ ቀጠሉ፣ «ለምንስ አራት አስፈለገው? አንድ እጅ ነው ያለው፣ ሁለት?» እኔም እልህ ይዞኝ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ነጯን፣ አጭሯን፣ የተሸረፈችውን። እኔን ሊጠይቅ የመጣው ሽምግልና ላይ ቆሜ ስለ ካርቱን አስተምራለሁ። ሦስተኛዋ ጋ ስደርስ ሽማግሌው «ለሟቹ ልጅ መለሰለት?» አሉኝ። «ገና ነው» አልኳቸው። «መመለስ አለበት» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

አባቴ ግን ፊቱ አልተፈታም። «እንግዲህ የነገሩኝ እውነት ነው ማለት ነው» አለኝ። «መጫወቻ ይጠርባል።»

«ይጠርባል። ወንበርም ይሠራል። አልደብቅህም።»

«ዝም ብትይ ኖሮ እሺ ብዬልሽ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር እኮ። ለምን ወጣሽ?»

«ሐጂ ተማም ሊስቁብህ ነው!» አልኩት። ድምፄ ተሰበረ፤ የማለቅሰው ከሐዘን ይሁን ከንዴት አላውቅም። «ባላገባ ይሻለኛል። አንተን ሰው ሲስቅብህ አላይም።»

አባቴ ሰይፉን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። የግቢው በር ተንኳኳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሐጂ ተማም ከፋች አይጠብቁም። «የታለ? የታለ የንጉሡ ሰይፍ?» እያሉ ገቡ። አባ ገሮ ለመሄድ ተነሡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። አባቴ ሰይፉን አልደበቀውም።

ሐጂ ተማም ሰይፉን ከጭኑ ላይ አነሡት። ግራና ቀኝ አገላበጡት። እንደፈራሁት በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ከዚያ ጥርሳቸው ተገለጠ።

«አባ ፊጣ! ይህ እንጨት አይደለም እንዴ? የንጉሥ ሰይፍ ብለህ የእንጨት…» ሳቃቸው ሊወጣ ሆዳቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት።

አባቴ ተነሥቶ ሰይፉን ከእጃቸው ተቀበለ። «ቀስ በል እንጂ፣ ትፍቀዋለህ እንዴ?» አላቸው። «እንጨት ነዋ! ብረትማ ማንም ይቀጠቅጣል። ከሩቅ ሲታይ ብረት አይመስልም? አንተስ ብረት መስሎህ አይደለም ያነሣኸው? አማቼ ነው የሠራው።»

አማቼ አለ። በትክክል መስማቴን ለማረጋገጥ የአባ ገሮን ፊት አየሁ። እሳቸው እዚያው እንደቆሙ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከመጋረጃው ኋላ የእናቴ እልልታ ወጣ፤ ለካ ጆሮዋን ጥላ ኖሯል። ሐጂ ተማም ሳቃቸው ተውጦ ቀረ። «አማችህ? መቼ?» አሉ። «አሁን» አላቸው አባቴ። «ተቀመጥ፣ ዱዓ ልናደርግ ነው። እናንተም ተቀመጡ፣ የት ትሄዳላችሁ?»

ዱዓው አለቀና ጅማ ደወልኩ። «ነዚፍ፣ አባቴ እሺ አለ» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» አለ፤ ሲያለቅስ ይሰማኛል። ከዚያ አፍንጫውን ሳብ አደረገና «ሰሚ… አልመዘዟትም አይደል?» አለኝ። ዘጋሁበት። ሰይፉን አባቴ አልመለሰም፤ ነዚፍ ደንበኛውን አስታግሦ ሌላ ጠረበ። ከዘራውን ይዞ የመጣው ራሱ ነው፣ በሚቀጥለው ወር፣ ጁምዓ ቀን፣ ፀጉሩ አድጎ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰዎች «አባትሽ ለክብሩ ሲል ነው እሺ ያለው» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዙ ቀን እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ግን በግልጽ ጠየቅሁት። «ተማም በር ላይ ሳለ ሁለት ነገር ማድረግ እችል ነበር» አለኝ። «ሰዎቹን አታላይ ብዬ ማባረር፣ ወይም የሆነውን መናገር። አንቺ ባትወጪ ኖሮ የሆነውን በምን አውቀው ነበር? ለእኔ ስትይ ትዳርሽን ልትተዪ ነበር፤ እንዴት እምቢ ልበልሽ?» ከዚያ ስለ ቡና ዋጋ ማውራት ጀመረ።

እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እኔ በሚወራበት ቦታ ዝም ብዬ አልቆምም። ሥራ ቦታም፣ አማቶቼም ዘንድ፣ ነዚፍም ላይ፤ በተለይ ነዚፍ ላይ። አንዳንዱ ሰው አፈኛ ይለኛል። ይበሉኝ። ሰው ሁሉ ደንብ አክብሮ ዝም ባለበት ቤት ውሸት ከበሬታ አግኝታ ስትቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናንተም አይታችሁ ይሆናል።

አምና ለታናሽ እህቴ ሽማግሌ መጣ። አባ ገሮ የሉበትም፣ ሌሎች ናቸው፤ ደንቡን ጠብቀው ቆሙ። አባቴ «ትንሽ ታገሡ» አላቸውና ወደ ውስጥ ተጣራ። እህቴ ደንግጣ እኔን አየችኝ። አባቴ አጠገቡ ያለውን ወንበር በእጁ መታ መታ አድርጎ «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አላት። «ስላንቺ የሚሉት እውነት ካልሆነ ወዲያው ንገሪኝ፤ እኔ በኋላ መስማት አልወድም።»